ሰፊ ጎማ ስንት ያስከፍላል? የሚኪ ቶምሰን ነገር

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ብድር ጠየቀኝ። የቤት ኪራይ ጎድሎት እንዳይመስላችሁ፤ ለቸርኬ ነው። ከአጎቱ ያገኛት፣ ከሁለታችንም ዕድሜ የምትበልጥ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አለችው። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ጎማ ቀጭን ነውና መልኳ አላረካውም። ሰፊ ቸርኬ ከሰፊ ጎማ ጋር ሊያስገጥምላት ፈለገ። አበደርኩት። (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ብድር ላይ ጠንቃቃ ነው የሚባለው ወሬ ነው፣ አትመኑ።)

ጠዋት ጎሚስታ ቤት ገባች፤ ከሰዓት ስትወጣ እውነት ለመናገር አምራ ነበር። ደስታችን ግን የቆየው እስከ መጀመሪያው አደባባይ ነው። መሪውን ሲጠመዝዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈጨው ጀመር። መሪው ከበደ። ከባድ መኪና ያጎደጎደው አስፋልት ላይ ስንደርስ ደግሞ መኪናዋ ጉድጓዱን ተከትላ ልትሄድ ትታገለዋለች። ከሁለት ወር በኋላ የፊት ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። የእኔ ብር ግን እስካሁን ድምፅ የለውም።

ያን ሰሞን ነው ይህን የሰፊ ጎማ ነገር ማን እንዳመጣው ስልኬ ላይ መፈለግ የጀመርኩት። ብቻውን የፈጠረው ሰው የለም። ግን ደፍረው ወደ ትልቅ ውድድር ካስገቡት ሰዎች አንዱ ሕይወቱን ሳነብ እንቅልፍ አሳጣኝ። ሚኪ ቶምሰን ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሉ ስሙ ማሪዮን ሊ ቶምሰን ነው። የተወለደው በ1928 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልሃምብራ በምትባል ከተማ ነው። ለእንጀራው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ማተሚያ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ መኪና ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይወዳደራል። ምህንድስናውን የተማረው ጋራዥ ውስጥ፣ ሰብሮ በመጠገን ነው።

ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ያሳደደው ጥያቄ አንድ ይመስለኛል፦ የሞተር ጉልበት እንዴት መሬት ይነካል? ድራግ የሚባለውን ውድድር ታውቁታላችሁ፤ አራት መቶ ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። እዚያ ጉልበት ሲበዛ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ይጨሳል፤ መኪናው ግን አይሄድም። ቶምሰን በ1954 ገደማ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። የሾፌሩን መቀመጫ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ወሰደው። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጎማው መሬቱን ጨመቀ። ሾፌሩ ወንጭፍ ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ ስለሚመስል የመኪናው ዓይነት ስሙም ወንጭፍ ተባለ። ሌሎቹም ተከትለውት ለዓመታት ድራግ ማለት ይኸው ቅርፅ ሆነ።

ከዚያ ስሙን ዓለም የሰማው በ1960 ነው። ቻሌንጀር ብሎ የሰየማትን መኪና አራት የፖንቲያክ ሞተር ጨመረባት። አራት! ዩታ ግዛት ቦንቪል የሚባለው የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 406.6 ማይል፣ በእኛ 654 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። ከ400 ማይል ያለፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ችግሩ የፍጥነት ክብረ ወሰን የሚመዘገበው ሄዶ ለተመለሰ ሰው ነው፤ የሁለቱ ጉዞ አማካይ ይወሰዳል። በመልሱ መኪናዋ ተሰበረች። ሄደ፣ ግን አልተመለሰም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ጎማው። ኢንዲያናፖሊስ 500 የአሜሪካ ትልቁ የመኪና ውድድር ነው። በዚያ ዘመን እዚያ የሚሮጡት መኪኖች ሞተራቸው ከፊት፣ ጎማቸው ረዥምና ቀጭን ነበር፤ ቸርኬው ከፊት 16፣ ከኋላ 18 ኢንች። ቶምሰን በ1962 እንግሊዛዊውን ንድፍ አውጪ ጆን ክሮስትዌይትን ይዞ ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ ቀላል መኪና አመጣ። ዳን ገርኒ ነድቶት ስምንተኛ ሆኖ ለውድድሩ አለፈ፤ ውድድሩን ግን አልጨረሰም።

በ1963 ሲመለስ ሜዳው ሁሉ ሳቀበት። ያመጣቸው አዲስ መኪኖች ቸርኬ 12 ኢንች ብቻ ነው። ጎማው አጭርና ሰፊ፦ ከፊት 7 ኢንች፣ ከኋላ 9 ኢንች ስፋት። ሰዎች መኪኖቹን ከእግር ጫማ መንኮራኩር ጋር አመሳሰሏቸው።

ለምን ሰፊ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ እኔም ግራ የገባኝ ነገር ነው። ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። የዚህን መዳፍ ስፋት በዋናነት የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና የጎማው ንፋስ ናቸው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ስትገጥሙ መዳፉ እንደምታስቡት አያድግም፤ ቅርፁ ነው የሚለወጠው። ወደፊት ያጥራል፣ ወደ ጎን ይረዝማል። ኩርባ ላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው። የጎማው ጎን አጭር ሲሆንም ወዲያና ወዲህ አይዋልልም፤ መሪውን ስታዞሩ ቶሎ ይታዘዛል። ስልካችሁን አስቀምጡና ቅርባችሁ ያለ መኪና ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 205/60 ቢል ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቶምሰን ወደመጣበት አቅጣጫ እየሄዳችሁ ነው።

ግን ሰፊ ጎማ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚሠራው መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የድሮ መኪና ሞላና ባሌስትራ ለቀጭን ጎማ ነው የተሠራው፤ ኩርባ ላይ መኪናው ሲያጋድል ጎማውም አብሮት ያጋድላል። ቀጭኑ ጎማ ትከሻው ክብ ስለሆነ ግድ የለውም። ሰፊው ግን በአንድ ጠርዙ ብቻ ይቆማል፤ የገዛችሁት ስፋት አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መሪው ይከብዳል። ዝናብ ላይ ሰፊ ጎማ ውኃውን ቶሎ መቁረጥ ያቅተውና ሊንሳፈፍ ይችላል። ጓደኛዬ መኪና ላይ ያየነው በሙሉ ምክንያት ነበረው እንግዲህ። ትምህርት ቤት ኦፖርቹኒቲ ኮስት እያሉ ሲያስተምሩን ምሳሌው ሁሌ ዳቦና ቅቤ ነበር፤ ጎማ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይገባኝ ነበር።

ቶምሰንም ሜዳው ላይ ያገኘው ይህንኑ ነው። የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ግራሃም ሂል ከአዲሶቹ መኪኖች አንዱን ሞክሮ አያያዙ ስላልጣመው ትቶት ሄደ። ዱዌን ካርተር አንዷን 15ኛ አድርጎ አሳለፋት፣ ሞተሯ ግን መቶኛው ዙር ላይ ሞተ። የሚገርመው የቶምሰን ቡድን ጥሩ ውጤት ያገኘው በአዲሱ አይደለም፤ አል ሚለር ባለፈው ዓመቱ መኪና ከ31ኛ ተነስቶ 9ኛ ወጣ።

ያም ሆኖ ሐሳቡ ተስፋፋ። የጎማውን ገበያ ለአሥርት ዓመታት ብቻውን ይዞ የነበረው ፋየርስቶን ለአንዳንዶች አዲስ ዓይነት ጎማ ሠርቶ ለሌሎቹ ሲዘገይ ኤ ጄ ፎይት የተባለው አውራ ሾፌር ተናዶ ጉድይርን ጠራ። በ1967 ፎይት በጉድይር ጎማ አሸነፈ። አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ እንዴት እንደሚሰበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት አገኛለሁ?

አሁን የከበደው ክፍል ላይ ደረስን። ነባሮቹ የመኪና ባለቤቶች ስለ ትናንሾቹ ጎማዎችና ስለ መኪኖቹ ቅለት አቤቱታ አበዙ። ደንቡ ተለወጠ፦ ለ1964 ቸርኬ ከ15 ኢንች እንዳያንስ ተባለ። ቶምሰን እጅ ላይ ያሉት መኪኖች ግን ከሥር እስከ ጫፍ 12 ኢንች ታስቦ የተሠሩ ናቸው። አዲስ ከመሥራት ይልቅ አሮጌዎቹን ቀይሮ 15 ኢንች ገጠመባቸው። አካላቸውን ለወጠ፣ የፎርድ ሞተር አስገባ። ጓደኛዬ ያደረገውን በሉት፣ ልዩነቱ ይህ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ መሆኑ ነው።

ማስተን ግሪጎሪ የተባለው ልምድ ያለው ሾፌር መኪናውን ልምምድ ላይ አይቶ ጥሎ ወጣ። ዴቭ ማክዶናልድ ግን ቆየ። 27 ዓመቱ ነው። የካሮል ሼልቢን ኮብራ እየነዳ ስም ያወጣ ልጅ ነበር። (ኮብራ ራሷ የጎማ ታሪክ ናት። ከ1953ቱ የእንግሊዝ መኪና በተወሰደ ባሌስትራ ያለው አካል ላይ ትልቅ ሞተር ተጫነባት፤ ጎማው በሰፋ ቁጥር ፓራፋንጎዋ አብሮ አበጠ። ለትልቁ ሞተር ግን ያ አልበቃም፤ በ1965 አዲስ ሻንሲና ሞላ ተሠራላት።)

ሜይ 30፣ 1964። ሁለተኛው ዙር ላይ ማክዶናልድ ከአራተኛው ኩርባ ሲወጣ መኪናው ከእጁ አመለጠ። ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ተጋጨ፤ የጫነው ቤንዚን ነደደ፤ እሳቱን ይዞ ተንሸራቶ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከኋላው የነበረው ኤዲ ሳክስ ማምለጫ አልነበረውም። ሳክስ እዚያው ሞተ፣ ማክዶናልድ ሆስፒታል ደርሶ። ሰባት መኪኖች ተነካክተዋል። በአደጋ ምክንያት ውድድሩ ሲቆም በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለውጦ መኪኖቹ ከቤንዚን ወደ ሜታኖል ሄዱ።

ምክንያቱ ላይ ለዓመታት ተከራክረዋል። የመኪናው አፍንጫ በፍጥነት ሲሄድ ከመሬት ይነሳ ነበር የሚሉ አሉ፤ ጎማና አካል መለወጡን የሚያነሱ አሉ፤ ማክዶናልድ ገና በሁለተኛው ዙር ብዙ ቸኩሏል የሚሉም አሉ። እኔ የምፈርደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ሾፌር ትቶት የሄደ መኪና ለሦስተኛው መስጠት አልነበረበትም። ሰውየውን ስወደው ነው ይህን የምለው።

ቶምሰን ግን የሚቆም ሰው አልነበረም። በ1963 በስሙ የጎማ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ ለድራግና ለመንገድ መኪና ሰፋፊ ጎማ ይሸጥ ጀመር። ጋራዡ በር ላይ አሮጌ መኪና አቁሞ ሰፊ ጎማ የሚያልም የአሜሪካ ወጣት ስሙን ያውቀዋል። ኩባንያው ዛሬም አለ፤ አሁን በጉድይር ሥር ነው። በ1973 የበረሃ ውድድር የሚያዘጋጅ ስኮር የሚባል ድርጅት መሠረተ፤ ቀጥሎም የበረሃውን አቧራ ስታዲየም ውስጥ ይዞት ገባ። ትኬት የሚቆርጥ ሕዝብ በሺዎች መጣለት።

ገንዘቡ ሲመጣ ጠቡም መጣ። ከአንድ የንግድ ሸሪኩ ጋር ተጣልቶ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈልህ ተባለ። ማርች 16፣ 1988 ጠዋት ብራድበሪ በሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ላይ እሱና ሚስቱ ትሩዲ በጥይት ተገደሉ። ሁለት ገዳዮች በብስክሌት ሸሹ። ያ የቀድሞ ሸሪክ በ2007፣ ከ19 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ግድያውን በማዘዝ ጥፋተኛ ተባለና ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በብስክሌት የሸሹት ሁለቱ እነማን እንደነበሩ እስካሁን አልታወቀም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቶምሰን በ1968 ቻሌንጀር 2 የምትባል ሁለተኛ መኪና ሠርቶ ነበር። ያ ዓመት ቦንቪል ላይ ዝናብ ወርዶ ጨዉ ረጠበ፤ መኪናዋም ወደ መጋዘን ገባች። ልጁ ዳኒ ትልቅ ሰው ሆኖ አወጣት። ፈታታት፣ አዲስ ሞተር ገጠመባት፣ አስተካከላት፤ ጊዜ ወሰደበት እንጂ አልቸኮለም። ኦገስት 2018፣ መኪናዋ 50 ዓመቷ ሲሆን፣ ዳኒ ጨዉ ላይ አወጣትና 446 ማይል ሄደ። ከዚያ መኪናዋን እንደገና አዘጋጅተው በመልሱ 450 ማይል አለፈ። አማካዩ 448.757 ማይል፣ 722 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። አባቱ በ1960 ያላገኘውን መልስ አገኘ።

የጓደኛዬ መኪና የድሮ ቀጭን ጎማዋን መልሳ ለብሳለች። ሰፊዎቹ አራት ቸርኬዎች ቤቱ በረንዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የሚገዛ ካለ ብሬን ላስመልስ።