ወንዙን ሽቅብ ያስወጣው ሰው

በአሽዶድ ሰሜን፣ ባሕሩ ዳር የቆሙትን ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች አይታችኋል አይደል? የዚያ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ስሙ ኤሽኮል ነው። የማን ስም ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ታሪኩን ስሰማ አባቴ ትዝ አሉኝ።

አባቴ ጎንደር ውስጥ የሰው መሬት አራሽ ነበሩ። በ1975 (በፈረንጆች አቆጣጠር) መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ማሳ ደረሳቸው፤ እልል አልን። ግን ምን ያደርጋል፣ ወንዙ ከገደሉ ሥር ይፈሳል፣ ማሳችን ከላይ ይደርቃል። ዝናብ ከቀረ ቀረ ነው። ውሃውን ሽቅብ የሚያወጣልን መንግሥት አልነበረም።

ሌዊ ኤሽኮል በ1895 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር ተወለዱ። በ1914 ገና በወጣትነታቸው ወደዚህ መጡ፤ እንደኛው አዲስ ገቢ ነበሩ ማለት ነው። በፔታሕ ቲክቫ በቀን ሠራተኝነት እርሻ ሠሩ። በ1920 ኪኔሬት ሐይቅ አጠገብ ደጋንያ ቤትን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ።

በ1937 መኮሮት የተባለው የውሃ ድርጅት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ነበሩ፤ ለዓመታትም መሩት። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ የሶኽኑት የሰፈራ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ለአዲስ ገቢዎች በመቶ የሚቆጠሩ መንደሮች ተቆረቆሩ። ለሰፋሪው ቤት፣ መሬት፣ ውሃና የእርሻ አስተማሪ ይሰጠው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። ብዙዎች ከመርከብ እንደወረዱ፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ፣ ወደ ሩቅ መንደር ተወስደዋል። ማረስ የማያውቁ ነበሩ፤ ጥለው የሄዱም አሉ። እኛም ዛሬ ቤት ስንጠብቅ ይህ ስሜት ይገባናል።

ኤሽኮል የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1959፣ የውሃ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ውሃ የሕዝብ ነው፣ መንግሥት ያስተዳድረዋል፤ ባለ መሬቱ እንኳ ከመሬቱ ሥር ያለውን ውሃ የኔ ነው ሊል አይችልም። ገበሬውም በልክ ተመድቦለት፣ በቆጣሪ ይወስዳል። በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ትልቁ የውሃ መስመር ተመረቀ። ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ካለው ኪኔሬት ውሃው በሞተር ተገፍቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረደ።

በፌብሩዋሪ 1969፣ ከሥልጣናቸው ሳይወርዱ ዐረፉ።

ወገኖቼ፣ ከእኚህ ሰው የተማርኩት ይህን ነው፦ መሬት ብቻውን እህል አይሆንም፣ ውሃ ይፈልጋል፤ ሰፋሪም እንጀራ ብቻ አይበቃውም፣ መጠየቅ ይፈልጋል። ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር አባቴን አስባለሁ። በሉ፣ ሻሎም ሁኑ።