የአሠልጣኙ የናት ሆልማን ሕይወትና የአንድ ታላቅ ቡድን ውድቀት

እኛ ተማሪዎች የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በምናነብበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው ድላቸውን ነው። ዳሩ ግን ከድል ይልቅ ውድቀት የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። የትምህርት ቤታችን ቡድን ሲያሸንፍ ድምፃችን እስኪዘጋ ድረስ የምንጮኽ እኛ፣ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ስለ ናት ሆልማን ለመጻፍ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሆልማን በ1896 በኒውዮርክ ከተማ፣ ድኾች ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሩሲያ የመጡ አይሁድ ነበሩ። በዚያ ሰፈር ሰፊ ሜዳ አልነበረምና ለልጆቹ የሚስማማው በጠባብ ስፍራ የሚካሄደው የቅርጫት ኳስ ነበር፤ ሆልማንም ገና በልጅነታቸው ተካኑበት። የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ከተማሩ በኋላ በ1919 የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። ከዚሁ ሥራቸው ጋር በ1920ዎቹ ዓመታት ኦሪጂናል ሴልቲክስ በሚባለው ዝነኛ ቡድን እየተከፈላቸው ይጫወቱ ነበር።

ይህ ኮሌጅ በ1847 የተመሠረተ ሲሆን፣ በሆልማን ዘመን ከተማሪዎቹ የትምህርት ዋጋ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ለሌለውና ትምህርት ለሚወድ የድኻ ልጅ ትልቅ የተስፋ በር ነበር። ሆልማን ለእነዚህ ልጆች ያስተማሩት ጨዋታ በቁመት ሳይሆን በፍጥነትና በብልኀት የሚመራ ነው። አምስቱም ተጫዋቾች ሳይቆሙ ይሮጣሉ፤ ኳሱን በአጭር በአጭሩ ይቀባበላሉ፤ ባዶ ስፍራ ያገኘውም ወደ ቅርጫቱ ይገሠግሣል። ለብቻዬ ልታይ የሚል በዚህ አጨዋወት ቦታ የለውም።

የሠላሳ ዓመት ድካማቸው በ1950 ፍሬ አፈራ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለኮሌጆች ሁለት ታላላቅ ውድድሮች ነበሩ። ጥቁሮችና አይሁድ ወጣቶች አብረው የተሰለፉበት የሲቲ ኮሌጅ ቡድን፣ ብዙ ግምት ሳይሰጠው ገብቶ በመጀመሪያው ውድድር ኬንታኪን 89 ለ50 ድል አደረገ፤ በፍጻሜውም ብራድሊን 69 ለ61 አሸነፈ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በሁለተኛው ውድድር ፍጻሜ ያንኑ ብራድሊን 71 ለ68 ረታ። ሁለቱን ዋንጫዎች በአንድ ዓመት የወሰደ ሌላ ኮሌጅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የለም።

ነገር ግን ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በፌብሩዋሪ 1951 ቡድኑ በፊላዴልፊያ አሸንፎ በባቡር ሲመለስ፣ ሦስት ተጫዋቾች ኒውዮርክ እንደ ደረሱ ተያዙ። ቁማርተኞች የሚወራረዱት በአሸናፊው ላይ ብቻ አልነበረም፤ በስንት ነጥብ እንደሚያሸንፍም ይወራረዱ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾቹ የነጥቡን ልዩነት ሆን ብለው እንዲያጠቡ ጉቦ ይሰጧቸው ነበር። ምርመራው ሲቀጥል ከሻምፒዮኑ ቡድን ሰባት ሰዎች የነገሩ ተካፋዮች ሆነው ተገኙ። ኬንታኪን ጨምሮ ሌሎች ኮሌጆችም አልቀሩም። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው፣ አንዳንድ ተጫዋቾች ወደ ሲቲ ኮሌጅ እንዲገቡ የትምህርት ማስረጃቸው ተለውጦ እንደ ነበር መገለጡ ነው።

ምናልባት ቡድኑ ካሸነፈ ጥቂት ነጥብ ቢጎድል ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በእንቁላሉ ጊዜ ሳይቀጣ ቀርቶ በሬ እስከ መስረቅ የደረሰውን ልጅ ተረት አስታወስን።

ሆልማን ከገንዘቡ አልተካፈሉም። ሆኖም በ1952 የከተማው የከፍተኛ ትምህርት ቦርድ ከሥራ አገዳቸው፤ ቀጥሎም አሰናበታቸው። ይግባኝ ብለው በ1954 ተፈረደላቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በ1960 አሠልጣኝነቱን ሲተዉ ከ400 በላይ ድሎች አስመዝግበው ነበር። በ1964 በቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ስማቸው ተመዘገበ። በ1949 ወደ እስራኤል ሄደው ጨዋታውን አስተምረው ነበርና፣ በኋላም የዚያን አገር ስፖርት ለመርዳት ደከሙ። በ1995 በ98 ዓመታቸው ዐረፉ።

እርሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ እንጂ የቡድኑ ክብር አልተመለሰም። ኮሌጁ ከትልቁ የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ወጥቶ በአነስተኛ ስፍራ መጫወት ጀመረ፤ ዓመት ዓመትን ሲተካም ከታላላቆቹ ተራ ወረደ። ዛሬ ያለው በሦስተኛው ምድብ፣ ለስፖርተኞች የጨዋታ ድጎማ በማይሰጥበት ክፍል ነው። የሚጫወትበትም አዳራሽ በናት ሆልማን ስም ይጠራል።

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን መምህር ተማሪው በስውር ስላደረገው ሊጠየቅ አይገባም አልን። ግማሾቻችን ደግሞ በየቀኑ አጠገቡ ያሉትን ልጆች ጨዋታ ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ልባቸውንም መመርመር ነበረበት አልን። እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን፤ ሠላሳ ዓመት የተሠራውን ስም ለማፍረስ ጥቂት ምሽቶች ይበቃሉ።

ቢሆንም ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከእነዚያ ጥፋተኛ ወጣቶች አንዱ የነበረው ፍሎይድ ሌይን በ1974 የዚያው ኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ዋንጫው አብሮት አልተመለሰም፤ ነገር ግን ያሳዘነውን ቤት ሊያገለግል በሩ ተከፈተለት። በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ተሰናብተን የምንሄድ እኛ፣ ስሙን ሳናጎድፍ እንድንኖር፣ ብንሳሳትም ለመመለስ እንዳናፍር ይህን እናስታውሳለን።