የመዳብን እጆች የቈጠረ ሊቅ
(የአልፍሬድ ቬርነር አጭር የሕይወት ታሪክ)

መዳብ ሰልፌት በውሃ ሲሟሟ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መልክ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። አልካሊ ቢጨመርበት ዝቃጭ ይወርዳል። ነገር ግን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን በበቂ መጠን አስቀድሞ ከገባበት፣ ዝቃጩ ይቀርና ውሃው የደመቀ ሰማያዊ ይሆናል። መዳቡን ከአልካሊው የጋረደው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መንገድ የከፈተውን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን በአጭሩ ማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ቬርነር በዲሴምበር 12 ቀን 1866 በአልዛስ አገር በሙሉዝ ከተማ ተወለደ። አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1871፣ አገሩ ከፈረንሳይ እጅ ወጥታ በጀርመን ግዛት ሥር ገባች። ወጣቱ ወደ ስዊስ ተሻግሮ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተማረ፤ በ1890ም በመምህሩ በሃንች መሪነት ናይትሮጅን ባለባቸው ሞሌኪዩሎች ውስጥ አቶሞች በኅዋ እንዴት እንደሚደረደሩ ጽፎ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በፓሪስ በቤርተሎ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ያስቸገረ አንድ ነገር ነበረ። የአንድ ብረት አቶም እጆች በቫለንሱ ልክ የተቈጠሩ ናቸው ይባል ነበር፤ ሆኖም ሦስት እጅ ያለው ኮባልት ሦስት ክሎሪን ከያዘ በኋላ ስድስት አሞኒያ ይጨምራል። የኮፐንሀገኑ ታላቅ ሊቅ ዮርገንሰን አሞኒያዎቹ እንደ ሰንሰለት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው ይል ነበር። እንደሚነገረው ቬርነር አንድ ሌሊት በ8 ሰዓት ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ መልሱ ስለ ታየው፣ እስከ ማግሥቱ 11 ሰዓት ድረስ ሲጽፍ ዋለ። ጽሑፉ በ1893 ታተመ፤ እርሱ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበረ። አሳቡም ይህ ነው፦ ብረቱ ሁለት ዓይነት ቫለንስ አለው፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ ሁለተኛው ግን በዙሪያው በተወሰነ ቍጥርና በተወሰነ ቅርጽ ጎረቤቶችን ይይዛል። ለኮባልት ቍጥሩ ስድስት ነው፤ ቅርጹም ስምንት ገጽ ያለው ነው።

አሳቡ የአንድ ሌሊት ይሁን እንጂ ማስረጃው ሃያ ዓመት ፈጀ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጨለማ በዋጠው ምድር ቤት ውስጥ 200 ያህል የዶክትሬት ተማሪዎች በየተራ ደከሙ። የለንደኗ ኢዲት ሃምፍሪ በ1901 ዶክትሬቷን ያገኘችው ከእርሱ ዘንድ ነው። አሳቡ እውነት ከሆነ፣ አራት አሞኒያና ሁለት ክሎሪን የያዘው ኮባልት በሁለት መልክ መገኘት ነበረበት፤ የታወቀው ግን አረንጓዴው ብቻ ነበረ። ሐምራዊው በ1907 ተሠራ። ዮርገንሰንም የዕድሜ ልክ አሳቡን ትቶ የወጣቱን ተቀበለ። በ1911 ደግሞ ቬርነር ከአሜሪካዊው ተማሪው ከቪክቶር ኪንግ ጋር፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉትን የኮባልት ሞሌኪዩሎች ለያየ። በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

እንግዲህ ወደ መዳባችን እንመለስ። ሃይንሪክ ላይ የተባለ ኬሚስት በ1904 የመዳብንና የግላይሲንን ውሑድ ቢመረምር፣ ኤሌክትሪክን እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚያስተላልፍ ሆኖ አገኘው። በቬርነር ትምህርት ምክንያቱ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ግላይሲን መዳቡን በሁለት ጫፍ፣ በናይትሮጅንና በኦክሲጅን፣ ይጨብጠዋል፤ አምስት አቶሞች ያሉት ቀለበትም ይሠራል። ሁለት ግላይሲኖች ሲጨብጡት አራቱ የመዳብ እጆች በአንድ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ላይ ይያዛሉ፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡም ይዘጋል። ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ሊቆሙ ስለሚችሉም፣ ሲስና ትራንስ የተባሉ ሁለት ዓይነት ክሪስታሎች አሉ። ከጠፍጣፋው በላይና በታች የሚጠጋ ጎረቤት ቢኖር ራቅ ብሎ ነው የሚያዘው። ይህን አያያዝ ከሸርጣን ጥፍር ጋር በማመሳሰል ኬሌት ብለው የሰየሙት እንግሊዞች ናቸው፤ ይኸውም በ1920 ነው።

ነገሩ የብልቃጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በደማችን ውስጥ ከሚገኘው መዳብ ጥቂቱ ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ ተይዞ ይጓዛል። መዳብን ወደ ሰውነታቸው በሚገባ ማስገባት የማይችሉ፣ የሜንክስ በሽታ ያለባቸው ሕፃናትም ይኸው ውሑድ በመርፌ ይሰጣቸዋል።

ቬርነር ይህን ሁሉ አላየም። የጭንቅላቱ ደም ሥሮች በመጠንከራቸው ታሞ በኖቬምበር 15 ቀን 1919 በ52 ዓመቱ አረፈ። እኛ ተማሪዎች በየስብሰባው ለመርታት ስንከራከር ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ብንወስድ ይበጀናል፤ ከወጣቱ፣ የተናገሩትን ሃያ ዓመት ደክሞ ማስመስከርን፤ ከሽማግሌው ከዮርገንሰን ደግሞ፣ ማስረጃ ሲመጣ ያለ ቂም መቀበልን። ሁለተኛው ከፊተኛው ይቀላል የሚል ካለ፣ ይሞክረውና ይንገረን።