ራምቦ፣ የፈረስ መጋላው ነጋዴ



ፈረስ መጋላ ላይ ቆመው የራምቦን ቤት የሚጠይቁ እንግዶችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሀል አልፈው ያንን ባለ ፎቅ ቤት ያያሉ፣ ሲመለሱም አንዳንዶቹ ከእኛ ስፌት ይገዛሉ። እውነቱን ለመናገር ያ ቤት የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ሐረር ውስጥ መኖሩ ግን ሐሰት አይደለም። በየስብሰባችን የሚወዱትን ሥራ ይዞ መኖር ይቻል እንደሆነ ስለሚጠየቅ፣ የዚህን ሰው ሂሳብ ብናየው ይጠቅመናል ብለን አሰብን። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አርተር ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነበባሉ፤ በጊዜው ግን እንጀራ አልሆኑትም። በ1873 ብራስልስ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ 500 ያህል ቅጂ ወጣለት። የአታሚውን ቀሪ ሂሳብ መክፈል ስላቃተው ጥቂት ቅጂ ብቻ ወስዶ ሌላው መጋዘን ቀረ። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወው።

በ1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን መቆጣጠር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሀያ ቀን ያህል በፈረስ ተጉዞ ሐረር ገባ። ከተማዋ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ደመወዙ በወር 150 ሩፒ ሲሆን ምግብና ማደሪያ አለው፤ ከሐረር ቅርንጫፍ የተጣራ ትርፍም 1 በመቶ ይታሰብለታል። እኛ የሂሳብ ሰዎች መጥፎ ውል አንለውም። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እየገዛ ይልካል፤ ለእናቱና ለእህቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ግን መሰላቸቱን ደጋግሞ ያማርራል። ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እዚሁ ሐረር ፎቶ አንሥቷል፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

ከሁሉ የሚገርመን የጦር መሣሪያው ንግድ ነው። ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር ተዋዋለ። ላባቱ በመሀሉ ታሞ ሞተ። ራምቦ ታጁራ ላይ ወራት ጠብቆ ቅፍለቱን ይዞ በ1887 ሸዋ ሲደርስ፣ ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አደረጉበት፤ ክፍያውንም ከሐረር ራስ መኰንን ዘንድ እንዲቀበል አዘዙለት። የሟቹ አበዳሪዎች ደግሞ ከየአቅጣጫው መጡ። ከሟቹ ሚስት ቤት 34 የማስታወሻ ደብተሮች አግኝቶ፣ ሴትየዋ እየተራገመች አቃጠላቸው። በኋላ ሲነገረው ለካ የንብረት ሰነዶች በመሀላቸው ነበሩ! ደብተር የምትይዙ እህቶቻችን፣ ይህን ያነበብን ዕለት ምን እንደተሰማን ትረዱናላችሁ።

የተረፈውን ገንዘብ ይዞ ካይሮ ሄደ። ከ16,000 የሚበልጥ የወርቅ ፍራንክ በወገቡ ታጥቆ ነበር የሚዞረው፤ ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ነው፤ እሱ ራሱ ለሆድ ሕመም እንደዳረገው ጽፏል። ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ በነበረበት በ1886፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ መጽሔት ግጥሞቹን እንደ ሟች ጽሑፍ አድርጎ አውጥቶለት ነበር። የሚወደው ሥራው ገበያ ሲያገኝ ባለቤቱ አልነበረም።

በግጥም ሊኖር ይችል ነበር ብለን አንከራከርም፤ ያን ጊዜ የሚከፍለው አልነበረም። የሚያሳስበን ሌላው ነገር ነው። ሙሉ ልቡን የሰጠውን ሥራ ዋጋ ሳይተምንለት ተወው፤ ዋጋ የተመነለትን ደግሞ አልወደደውም። ከእኛም መካከል የአክርማውንና የቀለሙን ወጪ እየጻፉ፣ አንድ ስፌት የወሰደባቸውን ቀናት ግን የማይጽፉ አሉ። ሂሳቡን አብረን ስንሠራ ኪሳራ ይወጣና፣ ስፌቱን ትቼ ሰልባጅ ልነግድ የምትል አትጠፋም። ይህን ከመወሰኗ በፊት ቀናቱ ይቆጠሩ፣ ዋጋውም ይስተካከል እንላለን። ከዚያም ካላዋጣ እናያለን።

ራምቦ ከ1888 ጀምሮ ሐረር ውስጥ የራሱን ሱቅ ይዞ ነገደ። ለራሱ ቆጣቢ፣ ለድሃ ግን እጁ የማይሰስት እንደነበር ያወቁት ተናግረዋል። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወጣ፤ ዘይላ ለመድረስ 12 ቀን ፈጀ። ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሐረር ሲያገለግለው ለነበረው ለጃሚ ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዝዞ ነበር።

ብራስልስ መጋዘን የቀሩት መጻሕፍት ደግሞ በ1901፣ እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እንደታሰሩ ተገኙ።