ኢብን ባቱታ

አቡ አብዱላህ ሙሐመድ ኢብን ባቱታ (1304 – 1368/69 እ.ኤ.አ.) በሞሮኮ የተወለደ የእስልምና ሕግ ዐዋቂ፣ ዳኛና በመካከለኛው ዘመን ብዙ አገር በማየት የታወቀ ተጓዥ ነበር። የእስክንድርያን ጥንታዊ የመብራት ማማ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ ሁለተኛ ጊዜ ፈርሶ አይቶታል። የይፋት ሱልጣኔት የባሕር በር የነበረችውን ዘይላንም ጎብኝቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞው መነሻ

ኢብን ባቱታ የተወለደው በታንጀር ከተማ፣ ብዙ ዳኞች ከወጡበት ቤተሰብ ነው። በ1325 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ የሐጅ ሥርዓት ለመፈጸም ወደ መካ ብቻውን ተነሣ። አገሩን መልሶ ያየው ግን ከ24 ዓመት በኋላ ነበር። በመካከሉ የዓረብን አገሮች፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ፣ ሕንድንና ማልዲቭስን ዞሯል፤ በዴልሂም በዳኝነት አገልግሏል።

የእስክንድርያ የመብራት ማማ

ማማው የተሠራው በ280 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን በፋሮስ ደሴት ላይ ነው። በሌሊት በላዩ የሚነደው እሳት መርከበኞችን ወደ ወደቡ ይመራ ነበር። በዓረብ አገሮች ስለ ማማው ብዙ አፈ ታሪክ ይነገር ነበር፤ ከነዚህም አንዱ በጫፉ የጠላትን መርከብ ከሩቅ የሚያሳይና የሚያቃጥል መስታወት ነበረ ይላል።

በ1303 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ክፉኛ ጎዳው። ኢብን ባቱታ በ1326 ዓ.ም. ሲደርስ አንዱ ጎኑ ፈርሶ አገኘው። እንደ እሱ አገላለጽ ማማው አራት ማዕዘን ሲሆን የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 140 ስንዝር ነበር። በሩ ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ የሚገባበት ፊት ለፊት ካለ ሌላ ሕንፃ በተዘረጋ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃው ከተነሣ ማንም መግባት አይችልም። ከበሩ ውስጥ የጠባቂ መቀመጫና ብዙ ክፍሎች ነበሩ።

በ1349 ዓ.ም. ሲመለስ ማማው ከመፍረሱ የተነሣ እበሩ ድረስ እንኳ መውጣት አልተቻለም። የግብፅ ሱልጣን አል-ናስር ሙሐመድ በአጠገቡ ሌላ ማማ ማሠራት ጀምሮ ሳይፈጽም እንደ ሞተም ጽፏል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ላይ ምሽግ አሠራ።

ዘይላና ይፋት

ኢብን ባቱታ በ1330 ዓ.ም. ገደማ ከኤደን ተነሥቶ በአራት ቀን የባሕር ጉዞ ዘይላ ገባ። በዚያን ጊዜ የወላስማ ቤተሰብ የሚገዛው የይፋት ሱልጣኔት፣ የዛሬዋ ሸዋ ሮቢት ከምትገኝበት ቆላ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ይዘልቅ ነበር። የቅፍለት ነጋዴዎች ዕቃቸውን በግመል እያጓጓዙ ወደ ዘይላ ያወርዱ ነበር።

ተጓዡ ዘይላን ትልቅ ገበያ ያላት ሰፊ ከተማ ብሎ ገልጿታል። ሆኖም በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም ሽታ ምክንያት፣ ባሕሩ የሚናወጥ ቢሆንም ሌሊቱን በመርከብ ማሳለፍን መረጠ። ከዚያም በ15 ሌሊት ሞቃዲሾ ደረሰ።

ወደ መሀል አገር ስላልዘለቀ ስለ ይፋት ከተሞች በዓይን ያየውን አልተወልንም። በዘመኑ ስለ ይፋት በስፋት የጻፈው አል-ዑመሪም በካይሮ ሆኖ ከሌሎች እየሰማ ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1332 ዓ.ም. ዐፄ ዐምደ ጽዮን የይፋቱን ገዢ ሰብረዲንን ድል አደረጉ። ስለዚህ የእነዚያን ከተሞች መልክ ለማወቅ፣ በይፋት ቆላ እንደ ኖራ ያሉ የድንጋይ መስጊድ ፍርስራሾች ትልቅ ዋጋ አላቸው።

መጽሐፉና ዕረፍቱ

ኢብን ባቱታ በመጨረሻ እስከ ማሊ ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ፣ በሞሮኮው ሱልጣን አቡ ዒናን ትእዛዝ ታሪኩን ለጸሐፊው ለኢብን ጁዘይ ነገረ። መጽሐፉ በ1355 ዓ.ም. ተፈጸመ። አንዳንዱ ክፍል ከቀደሙ ጸሐፊዎች እንደ ተወሰደ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ በተለይ የቻይናው ጉዞ ያከራክራል። ኢብን ባቱታ የቀረውን ዕድሜውን በሞሮኮ በዳኝነት አሳልፎ በ1368 ወይም በ1369 ዓ.ም. ዐረፈ።