እየዘፈነ ስለዘፈኑ የሚያስረዳው ኮል ፖርተር

ዘፋኟ መድረክ ላይ ወጥታ ትጀምራለች። ገና መግቢያው ላይ ግን የምትዘፍነው መግቢያ ራሱ እንደማይረባ ትናገራለች። ሰው እንዳይሰቃይ ብላ ልትዘለው እንደሆነ ታሳውቅና፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ እያለች የኖታ ስም ጠርታ ቀጥ ብላ ወደ አዝማቹ ትገባለች። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1936 ኤተል መርማንና ቦብ ሆፕ ብሮድዌይ ላይ ያስተዋወቁት "ኢትስ ዲ-ለቭሊ" ነው። በዛ ዘመን ከአዝማቹ በፊት ረዘም ያለ መግቢያ ማስገባት ልማድ ስለነበር ቀልዱ የገባው ሰው ብዙ ነበር።

ግጥሙንም ዜማውንም የሠራው ኮል ፖርተር ነው። ያኔ አብዛኛው ሥራ ለሁለት ሰው ነበር የሚከፈለው፣ አንዱ ዜማ ሌላው ግጥም። እሱ ግን ሁለቱንም ብቻውን ስለያዘ ግጥሙ በዜማው ላይ እንዲያሾፍ ማድረግ ይችላል።

የተወለደው በ1891 ኢንዲያና ውስጥ ፔሩ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (አገሯ ፔሩ አይደለችም፣ እኛም መጀመሪያ ተሸውደን ነበር)። አያቱ የናጠጡ ሀብታም ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ጠበቃ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። ከዬል ሲመረቅ ሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሙዚቃ ዞረ፣ ለአያቱም አልተነገራቸውም ይባላል። በ1916 ያቀረበው የመጀመሪያ የብሮድዌይ ሥራው ከ15 ትርኢት በኋላ ተዘጋ። ከዛ ፓሪስ ሄደ፣ በ1919 ሊንዳን አገባ። ስሙ የገነነው ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ ነው።

በጥቅምት 1937 ሎንግ አይላንድ ላይ ፈረስ ሲጋልብ ወደቀ፤ ፈረሱም ላዩ ላይ ወድቆ ሁለት እግሩን ሰባበረው። እርዳታ እስኪመጣ ተኝቶ ግጥም ሲጽፍ ነበር የሚል ወሬ አለ፣ ያወራውም ራሱ ነው። እኛ ብዙም አላመንነውም፣ ግን እሱን እሱን ይሸታል። ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ ሲሉ እሱ እምቢ አለ። ከዛ በኋላ ከ30 በላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ሕመሙ ግን አልለቀቀውም።

በ1944 "ኤቭሪ ታይም ዊ ሴይ ጉድባይ" የሚለውን የጻፈው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆኖ ነው። ዘፈኑ የመለያየት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግጥሙ፣ ስንሰነባበት ሙዚቃው ከሜጀር ወደ ማይነር መቀየሩ ይገርማል የሚል ሐሳብ ያነሳል። ልክ እዛች ቃል ላይ ከሥር የሚሰማው ኮርድም ከሜጀር ወደ ማይነር ይገለበጣል። የሚለወጠው አንድ ኖታ ብቻ ነው፤ የኮርዱ መሀለኛ ድምፅ ግማሽ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፊቱ የጨለመ ሰው ይመስል። የኛዎቹ ትዝታን በሜጀርም በማይነርም ስለሚጫወቱት ለውጡ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

በ1936 የሳቅንበትን ዘዴ ነው እዚህ መልሶ የተጠቀመበት፤ ሙዚቃው የሚያደርገውን ግጥሙ እያየ ይነግረናል። ልዩነቱ፣ አሁን ማንም አይስቅም። ማብራሪያው ሐዘኑን ይቀንሰዋል ብለን ጠብቀን ነበር፣ ጭራሽ አባሰው።

በ1948 "ኪስ ሚ ኬት" መጣ፣ ከ1,000 ጊዜ በላይ ታየ፣ በ1949ም ለምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር የተሰጠውን የመጀመሪያውን የቶኒ ሽልማት ወሰደ። ሊንዳ በ1954 አረፈች። በ1958 ቀኝ እግሩ በመጨረሻ ተቆረጠ። 20 ዓመት የታገለለት እግር ነው። ከዛ በኋላ አንድም ዘፈን አልጻፈም፤ በ1964 በ73 ዓመቱ አረፈ፣ የተቀበረውም እዛችው ፔሩ ነው።

የመለያየቱን ዘፈን መስማት ለምትፈልጉ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1956 የቀዳችውን ፈልጉት፣ ኢርፎን አድርጉ። ማይነሩ ሲመጣ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።