ጆርጅ ፓፓኒኮላው፦ ከማኅፀን በር ሕዋስ እስከ አጠራጣሪው የጡት እብጠት

አንድ የጡት እብጠት ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥር፣ ጥቂት ሕዋሳትን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ መመርመር የተለመደ አሠራር ነው። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት መካከል ግሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው ይገኙበታል።

ፓፓኒኮላው በ1883 እ.ኤ.አ. በኤቭያ ደሴት፣ በኪሚ ከተማ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1904 በአቴንስ በሕክምና ተመርቀው፣ በ1910 በሙኒክ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1913 ከባለቤታቸው ከአንድሮማኪ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገሩ በመጀመሪያ የተዳደሩት በመደብር ምንጣፍ በመሸጥ ነበር። በ1914 ወደ ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ።

በዚያም የጊኒ ፒግን የመራቢያ ዑደት ከብልት ፈሳሽ ሕዋሳት መለየት እንደሚቻል ከስቶካርድ ጋር በ1917 አሳተሙ። ጥናቱን ወደ ሴቶች ሲያሸጋግሩ ባለቤታቸው ናሙና ሰጪ ሆኑ። በዚሁ ሂደት የነቀርሳ ሕዋሳትን ለይተው ግኝታቸውን በ1928 ቢያቀርቡም፣ ከሕብረ ሕዋስ የተነጠለ ሕዋስ ለምርመራ ይበቃል ብሎ የተቀበላቸው አልነበረም። ተቀባይነት ያገኙት ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ጽሑፍ፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ ነው።

በ1958 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጡት ጫፍ የሚወጣውን ፈሳሽ ሕዋሳት የሚመለከት ጥናት አወጡ። ዘዴው ግን ወሰን ነበረው፤ ፈሳሽ የማይሰጥ እብጠት ናሙና አይሰጥም። ይህን ክፍተት የሞላው፣ ማርቲንና ኤሊስ በ1930 በኒው ዮርክ ያስተዋወቁት በመርፌ ናሙና የመሳብ ዘዴ ነው።

ፓፓኒኮላው ካቆዩዋቸው ነገሮች አንዱ ውጤትን በአምስት ደረጃ መመደባቸው ነው። ሦስተኛው ደረጃ ነቀርሳን የሚያመለክት፣ ነገር ግን ለመደምደም የማያበቃ ውጤት ነበር። በዚህም ጥርጣሬ ራሱ በግልጽ የሚነገር የምርመራ ውጤት ሆነ። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በየራሱ መንገድ መተርጎሙ ደረጃዎቹን አዳከማቸው። ለጡት የተዘጋጀውና በ2020 የታተመው የዮኮሃማ ሥርዓት በቁጥር ፋንታ ስያሜዎችን ይጠቀማል፦ በቂ ያልሆነ፣ ነቀርሳ ያልሆነ፣ ከተለመደው የወጣ፣ ለነቀርሳ የሚያጠራጥርና ነቀርሳ።

ለአጠራጣሪው ውጤት ሕዋስ ብቻውን አይፈርድም፤ ከአካላዊ ምርመራና ከምስል ጋር ይመዘናል። ሦስቱ ካልተስማሙ የሕብረ ሕዋስ ናሙና ይወሰዳል። ነቀርሳው ከቱቦው ወጥቶ መሠራጨት አለመሠራጨቱንም የተነጠለ ሕዋስ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም።

ፓፓኒኮላው በ1961 ወደ ማያሚ ተዛውረው በየካቲት 1962 በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐረፉ። ያልተረጋገጠን ያልተረጋገጠ ብሎ መመዝገብ ግን ዛሬም ሴትን ከአላስፈላጊ ቀዶ ሕክምናም፣ ከዘገየ ሕክምናም ይጠብቃል።